የተለወጠ ዘረመል ያላቸውንና ተራ የቤተ ሙከራ አይጦችን ግንደ ሕዋስ ማወዳደር፦ ጅማ ላይ ለሚሠሩ ተመራማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

አንድ ጂን የተሰናከለበትን አይጥ ግንደ ሕዋስ (ራሱን እያባዛ ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ) ከተራ አይጥ ግንደ ሕዋስ ጋር ማወዳደር በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ከሁለቱም መቅኔ ይወጣል፣ ሕዋሱ ይዘራል፣ ልዩነቱ ይቆጠራል። ችግሩ ልዩነት የማይጠፋ መሆኑ ነው። ሁለት አይጦች በዕድሜ፣ በጾታ፣ በወለደቻቸው እናት፣ ባደጉበት ሳጥን፣ መቅኔያቸው በረዶ ላይ በቆየበት ጊዜ ይለያያሉ። ከእነዚህ አንዱም የጂኑ ሥራ አይደለም፤ ሁሉም ግን የጂኑን ሥራ መስለው ሊታዩ ይችላሉ። በእኔ እምነት ንጽጽሩ የሚሳካው ወይም የሚበላሸው በአብዛኛው አይጦቹ ከመወለዳቸው በፊት ነው። ስለዚህ ፒፔት ከመያዝ በፊት ላለው ሥራ ሰፊ ቦታ ሰጥቼዋለሁ።

ጅማ ላይ ስትሠሩ ደግሞ ባሕር ጠለል አጠገብ ላሉ ከተሞች የተጻፉ መመሪያዎች የማያነሷቸው ነገሮች አሉ። ከተማዋ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ክረምቷ ረጅምና እርጥብ ነው፣ መብራትም ይቋረጣል። እነዚህን በየቦታቸው አነሳቸዋለሁ።

የትኛው ግንደ ሕዋስ?

መጀመሪያ ጥያቄውን አጥብቡት። «ግንደ ሕዋስ» የሚለው ስም በጣም የተለያዩ ሕዋሳትን ይሸፍናል። የጽንስ ግንደ ሕዋስ አለ፤ ከአይጥ ጽንስ ተለይቶ በቤተ ሙከራ ማደግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ደም የሚያመርተው የመቅኔ ግንደ ሕዋስ አለ። አጥንት፣ ስብና ልም አጥንት ወደ መሆን የሚያመራው፣ በፕላስቲክ ላይ ተጣብቆ የሚያድገው የመቅኔ ሜሰንካይማል ግንደ ሕዋስም አለ።

ይህ መመሪያ የያዘው የመጨረሻውን ነው። ምክንያቱ የገንዘብና የመሣሪያ ነው። ደም አምራቹን በትክክል ለመመዘን ሕዋስ ለይቶ የሚያወጣ ማሽንና በጨረር መቅኔያቸው የጠፋ ተቀባይ አይጦች ያስፈልጋሉ፤ ውጤቱም ከንቅለ ተከላው በኋላ 16 ሳምንት ያህል ይጠበቃል። ሜሰንካይማሉ ግን ንጹሕ ካቢኔት፣ ኢንኩቤተር፣ ማይክሮስኮፕና ትዕግሥት ካለ ይሠራል። መሠረታዊው የኮሎኒ (ከአንድ ሕዋስ የበቀለ ክምችት) ቆጠራ በሶቪየቱ ሳይንቲስት በአሌክሳንደር ፍሪደንስታይን ሥራ የታወቀው ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም ዋጋውን አላጣም።

ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። «ይህ ጂን ሲጠፋ በመቅኔ ውስጥ ያለው የኮሎኒ መሥራች ሕዋስ ብዛት ይቀንሳል?» የሚለውና «ይህ ጂን ሲጠፋ ሕዋሱ ከአጥንት ይልቅ ወደ ስብ ያዘነብላል?» የሚለው ሁለት የተለያዩ ሙከራዎች ናቸው። ዋናው መለኪያችሁ የትኛው እንደሆነ ከመጀመሪያው አይጥ በፊት ወስኑና ቀን ጻፉበት።

አይጦቹ፦ ሥራው ሁሉ እዚህ ነው

በብዙ ጥናቶች ውስጥ የማየው ልማድ አለ። ጂኑ የተሰናከለበት አይጥ ከራስ ቤት ይወሰዳል፤ ማወዳደሪያው «ተራ አይጥ» ግን ከአቅራቢ ይገዛል። ይህን አታድርጉ። «ሲ57 ብላክ 6» የሚል ስም በሳጥኑ ላይ መጻፉ ሁለቱን አንድ አያደርጋቸውም። የዚህ ዝርያ ሁለቱ ትልልቅ ንዑስ ዝርያዎች፣ ጄ እና ኤን የሚባሉት፣ ከተለያዩ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ጄ በሚቶኮንድሪያ ውስጥ የሚሠራ ኤንኤንቲ የተባለ ጂን ጉድለት አለበት። ኤን ደግሞ ዓይንን የሚጎዳ ሌላ ለውጥ ተሸክሟል። የኃይል አጠቃቀምን የሚነካ ጂን እያጠናችሁ አንዱን ወገን ከጄ፣ ሌላውን ከኤን ብትወስዱ የምትለኩት የትኛውን ልዩነት እንደሆነ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም።

መፍትሔው በአንድ ወሊድ የተወለዱ ወንድማማቾችን ማወዳደር ነው። አንድ ቅጂው ብቻ የተሰናከለበትን ወንድ፣ እንደዚያው ካለች ሴት ጋር አዳቅሉ። ከልጆቹ በአማካይ ሩቡ ሁለቱም ቅጂ ጤነኛ የሆነለት፣ ግማሹ አንድ ቅጂ የተሰናከለበት፣ ሩቡ ሁለቱም የተሰናከሉበት ይሆናል። እናታቸው አንድ፣ ሳጥናቸው አንድ፣ ምግባቸው አንድ፣ የአንጀታቸው ባክቴሪያም ተቀራራቢ ነው።

ስንት ወሊድ ያስፈልጋል? ይህን ቀድሞ የሚያሰላ ጥቂት ነው፤ በኋላ ግን የጊዜ ሰሌዳን የሚያፈርሰው እሱ ነው። በአንድ ወሊድ 7 ልጆች ቢወለዱና ወንዶችን ብቻ የምትጠቀሙ ቢሆን፣ አንድ ልጅ ወንድም ጂኑ የተሰናከለበትም የመሆን ዕድሉ ከ8 አንድ ነው። በዚያው ወሊድ ውስጥ ቢያንስ አንድ የተሰናከለበት ወንድና አንድ ያልተነካ ወንድ አብረው የመገኘታቸው ዕድል 35 በመቶ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ 6 ጥንድ ለማግኘት 17 ያህል ወሊድ ማቀድ አለባችሁ፤ ይህም የተሰናከለባቸው ልጆች በጽንስነት የማይሞቱ ከሆነ ነው። እርግዝናው 3 ሳምንት ገደማ ነው፣ ጡት የሚጥሉት በ21 ቀን ነው፣ ለናሙና የሚመቹት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ዕድሜ ላይ ነው። ወንዱና ሴቷ ከተገናኙ እስከ መጀመሪያው መቅኔ ድረስ ሦስት ወር ያህል ቁጠሩ። ወሊዱን ለማሳነስ ሲባል አንድ ቅጂ የተሰናከለበትን አይጥ እንደ «ተራ» መቁጠር የሚመርጡ አሉ። አንድ ቅጂ ማጣት ምንም እንደማያመጣ አስቀድሞ ካልታየ ይህ አያዋጣም።

ወንድማማችነት የማይፈታው አንድ ጉዳይ ይቀራል። ብዙዎቹ የቆዩ ጂን የተሰናከለባቸው አይጦች የተሠሩት 129 ከሚባለው ዝርያ በተገኘ የጽንስ ግንደ ሕዋስ ነው፤ ማርዮ ካፔኪ፣ ማርቲን ኢቫንስና ኦሊቨር ስሚቲስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኖቤል ሽልማት የተጋሩበት ዘዴ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ አይጦቹ ከብላክ 6 ጋር ለትውልዶች ይዳቀላሉ። ከ10 ትውልድ በኋላ ከተሰናከለው ጂን ርቆ ያለው ዘረመል ከ99 በመቶ በላይ ብላክ 6 ይሆናል። የተሰናከለው ጂን ግራና ቀኝ ግን የ129 ዘረመል እንደያዘ ይቆያል፤ በዚያ ቁራጭ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖች ሊኖሩ ይችላሉ። የተሰናከለበት ወንድም ይህን ቁራጭ ይዟል፣ ያልተነካው ወንድም አልያዘም። እዚህ ላይ የሚያድነው ጂኑን ወደ ሕዋሱ መልሶ መሞከር ነው፤ በመጨረሻው ክፍል እመለስበታለሁ። አይጡ በክሪስፐር፣ ማለትም ጂንን በሚቆርጠው ዘዴ፣ በቀጥታ በብላክ 6 ጽንስ ላይ የተሠራ ከሆነ ይህ ችግር የለም፤ በምትኩ ያልታሰበ ቦታ ተቆርጦ እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

ጂኑ በአንድ ዓይነት ሕዋስ ውስጥ ብቻ የሚጠፋበትን የክሬና የሎክስ ዘዴ የምትጠቀሙ ከሆነ ማወዳደሪያችሁ አንድ ብቻ አይበቃም። ክሬ የተባለው ኤንዛይም ራሱ ሕዋስን ሊጎዳ ስለሚችል ክሬ ብቻ ያለው አይጥ መኖር አለበት። ክሬን ለማስነሣት ታሞክሲፈን ከተሰጠ ለሁሉም ይሰጥ፤ መድኃኒቱ ብቻውን አጥንትን ይነካል።

ፈቃድ

ኢትዮጵያ ውስጥ የተለወጠ ዘረመል ያለው ሕያው ነገር ማስገባትና መያዝ በደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና በኋላ በወጣው ማሻሻያ ይገዛል። ይህ ከተቋማችሁ የእንስሳት ምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ የተለየ ነው፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ማመልከቻው ላይ አይጦቹ እንዳያመልጡ ምን እንዳዘጋጃችሁ፣ ሬሳውና አልጋው እንዴት እንደሚቃጠል፣ የአይጦቹ ብዛት እንዴት እንደተሰላ በግልጽ ጻፉ።

ሕያው አይጥ ማስመጣት የማይቻል ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ውጭ አገር ያለ ተባባሪ ቤተ ሙከራ ከወንድማማች አይጦች ሕዋስ አውጥቶ፣ አቀዝቅዞ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን በተነከረ ደረቅ ማጓጓዣ ሊልክ ይችላል። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ማጓጓዣው ጉምሩክ ላይ የሚቆይበትን ቀን ጨምራችሁ አስሉ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ሁለቱም ወገን አብሮ ይምጣ። የተሰናከለበትን ከውጭ አስመጥቶ ያልተነካውን ጅማ ላይ ካደገ አይጥ መውሰድ ንጽጽሩን ዋጋ ያሳጣዋል።

ማን ማን እንደሆነ ማረጋገጥ

ጡት ሲጥሉ ከጆሮ ጫፍ ትንሽ ቆዳ ውሰዱ፤ ቀዳዳው መለያም ይሆናል። ዲኤንኤውን አውጡና ሦስት ፕራይመር (የሚባዛውን ቦታ የሚለይ አጭር ዲኤንኤ) ያለው ፒሲአር (ዲኤንኤ የሚያባዛ ምርመራ) ሥሩ፦ አንዱ ለሁለቱም የጋራ፣ አንዱ ለጤነኛው ቅጂ፣ አንዱ ለተሰናከለው ቅጂ። ጄል ላይ አንድ መስመር በጤነኛው ቁመት ከታየ ያልተነካ ነው፣ በሌላኛው ቁመት ከታየ የተሰናከለበት ነው፣ ሁለቱም ከታዩ አንድ ቅጂ ብቻ የተሰናከለበት ነው። በእያንዳንዱ ጄል ላይ ማንነታቸው የታወቀ ሦስት ናሙናዎችና ውኃ ብቻ ያለበት አንድ ቱቦ ይኑሩ። በውኃው ቱቦ መስመር ከታየ የዚያን ቀን ውጤት ሁሉ ጣሉት። አይጡ በሚሠዋበት ቀን ሌላ ቁራጭ ወስዳችሁ ምርመራውን ድገሙት። የሳጥን መለዋወጥ ከሚታሰበው በላይ ያጋጥማል፤ አንድ የተለዋወጠ አይጥ ደግሞ የ6 ጥንድ ጥናትን ሊገለብጥ ይችላል።

ፕሮቲኑ በእርግጥ መጥፋቱንም አንድ ጊዜ በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲንን በሚያሳይ ምርመራ) አሳዩ። ዲኤንኤው ተቆርጦም አጭር ፕሮቲን የሚሠራበት ጊዜ አለ።

ከፍታ፣ ሻጋታ፣ መብራት

ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ)። መመሪያዎች 15 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ግፊት 121 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሰጣል ይላሉ። ይህ በባሕር ጠለል ነው። ጅማ ላይ የአየር ግፊቱ 82 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሆነ የግፊት መለኪያው 15 ሲያሳይ ውስጡ 118 ዲግሪ አካባቢ ነው። 121 ለመድረስ 18 ፒኤስአይ ገደማ ያስፈልጋል። መሣሪያው ይህን መሸከም መቻሉን ከአምራቹ መመሪያ አረጋግጡ። ካልቻለ ግፊቱን ሳትነኩ ጊዜውን አራዝሙ፤ በየጊዜውም የባክቴሪያ ስፖር ባለበት ጠቋሚ ፈትኑት። ውኃም ጅማ ላይ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ማፍላት ለሕዋስ ሥራ እንደ ማምከኛ አይቆጠርም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ። የሕዋስ ማሳደጊያ ፈሳሽ አሲድነቱን የሚጠብቀው በባይካርቦኔትና በኢንኩቤተሩ ጋዝ ሚዛን ነው። ወሳኙ የጋዙ መቶኛ ሳይሆን ግፊቱ ነው። ጅማ ላይ የ5 በመቶ ጋዝ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው የ4 በመቶ ገደማ ጋር እኩል ነው፤ ፈሳሹም በ0.09 ፒኤች ያህል ወደ አልካሊ ያዘነብላል። ሁለቱም የአይጥ ወገኖች በአንድ ኢንኩቤተር እስካሉ ንጽጽሩ አይዛባም። ቁጥሮቻችሁን ሌላ አገር ከታተሙት ጋር ልታስተያዩ ከፈለጋችሁ ግን ጋዙን ወደ 6 በመቶ ከፍ ማድረግ ይጠቅማል። ከማስተካከላችሁ በፊት ፈሳሹን ሌሊቱን ኢንኩቤተር ውስጥ አሳድራችሁ ፒኤቹን ለኩ።

ሻጋታ። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እርጥበት የሕዋስ ክፍል ዋና ጠላት ነው። ካርቶን ወደ ክፍሉ አይግባ፤ ዕቃው ውጭ ይራገፍ። በኢንኩቤተሩ የውኃ ሳህን ውስጥ የተጣራ ውኃና ጥቂት ኮፐር ሰልፌት አድርጉ፣ በየሳምንቱም ቀይሩ። ፀረ ሻጋታ መድኃኒት ወደ ሕዋሱ ፈሳሽ ጨምሮ መቀጠልን አልመክርም፤ መድኃኒቱ ሁለቱን ወገኖች እኩል ላይነካ ይችላል። የተበከለው ይጣል። ማይኮፕላዝማ የተባለው ጥቃቅን ባክቴሪያ ግን በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም፣ ፈሳሹንም አያደፈርስም፤ የሕዋሱን እድገት ግን ይለውጣል። በፒሲአር በየወሩ መርምሩ፣ ሁለቱንም ወገን።

መብራት። የሙቀት መዝጋቢ ኢንኩቤተሩ ውስጥ ይቀመጥ። ያልተነካው ሕዋስ በላይኛው መደርደሪያ፣ የተሰናከለበት በታችኛው መሆኑ ስህተት ነው፤ መብራት ሲጠፋ መደርደሪያዎቹ እኩል አይቀዘቅዙም። ጥንዶቹ በአንድ ትሪ ላይ ይሁኑ። መብራቱ ጠፍቶ ከቆየ የፍላስኮቹን ክዳን አንድ ጊዜ አጥብቁ፣ ከዚያ በኋላ የኢንኩቤተሩን በር አትክፈቱ። የአንዱ ወገን ፍላስክ ተጎድቶ መጣል ካለበት ጥንዱም ከስሌቱ ይውጣ፣ ምክንያቱም ይመዝገብ።

ለማሳደጊያው ፈሳሽ የሚጨመረው ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ደግሞ ለመላው ጥናት ከአንድ የምርት ቁጥር ይገዛ። ከአንዱ ጠርሙስ ወደ ሌላው የሕዋስ እድገት በግልጽ ይለያያል፤ መሐል ላይ ሲያልቅ ሌላ ምርት መጨመር በአንድ ጥናት ውስጥ ሁለት ጥናት መፍጠር ነው።

መቅኔውን ማውጣት

ከዚህ በፊት ግን መለያውን ደብቁ። በሙከራው ውስጥ የሌለ ባልደረባ ለእያንዳንዱ አይጥ ኮድ ይስጥ፣ ዝርዝሩንም እሱ ይያዝ። ጅማ ውስጥ የቡና ቅምሻ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ቀማሹ ጽዋው ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ ቢነገረው ምላሱ ሳይሆን ስሙ ይፈርድ ነበር። የኮሎኒ ጠርዝ የቱ ጋ እንደሚያበቃ የሚወስነው ዓይንም እንዲሁ ነው።

አይጦቹን ሠልጥኖ የተፈቀደለት ሰው፣ ለሁሉም በአንድ ዘዴ ይግደላቸው። ጥንዱን በአንድ ቀን ሥሩ፤ ተራውንም ቀያይሩ፦ በአንዱ ጥንድ አንደኛው ኮድ ይቅደም፣ በሚቀጥለው ሌላኛው። ቆዳውን በ70 በመቶ አልኮል አርጥቡ፤ ሁለቱን የጭን አጥንቶችና ሁለቱን የቅልጥም አጥንቶች አውጡ፣ ሥጋውን በደረቅ ጋዝ ጨርቅ ጥረጉ፣ 2 በመቶ ሴረም ባለበት ቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ በረዶ ላይ አኑሩ። ካቢኔት ውስጥ ጫፎቹን ቁረጡና በ25 ወይም በ26 ቁጥር መርፌ ፈሳሽ እየገፋችሁ መቅኔውን አስወጡ። አጥንቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ ግፉ። ሕዋሱን በመርፌው በቀስታ በታትኑና በ70 ማይክሮሜትር ወንፊት አጥሩ። ከግድያው እስከ መዝራት ያለው ጊዜ ከሁለት ሰዓት ባይበልጥ ይሻላል፤ ስንት ደቂቃ እንደወሰደ ለእያንዳንዱ አይጥ ጻፉ።

ቆጠራ፣ አካፋይና መዝራት

ጥቂት ናሙና 3 በመቶ አሴቲክ አሲድ ውስጥ ጨምሩ፤ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ፣ ኒውክለስ ያላቸው ይቀራሉ። በመቁጠሪያ መስታወት ላይ በአንድ ሚሊ ሜትር ካሬ የተገኘውን አማካይ በ10,000 እና በአቅጥኖቱ ስታባዙ በሚሊ ሊትር ያለው ብዛት ይገኛል። ከአራቱ አጥንቶች ከጤነኛ ጎልማሳ አይጥ ከ40 እስከ 60 ሚሊዮን ሕዋስ መጠበቅ ይቻላል። የሞተውን በትራይፓን ሰማያዊ ለዩ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ጂኑ የተሰናከለበት አይጥ አጠቃላይ የመቅኔ ሕዋሱ በግማሽ ቀንሶ ቢሆንስ? ኮሎኒውን በ«አንድ ሚሊዮን ሕዋስ» ብቻ ብትገልጹት የግንደ ሕዋሱ ብዛት ሳይለወጥ እጥፍ የሆነ ይመስላል፤ የተለወጠው አካፋዩ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለቱንም ቁጥር ስጡ፦ በአንድ ሚሊዮን ሕዋስ ስንት፣ በአራቱ አጥንት ስንት። ሁለቱ ቁጥሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ካላመለከቱ ያ ራሱ ግኝት ነው፤ አትደብቁት።

ለኮሎኒ ቆጠራ ባለ 6 ጉድጓድ ፕሌት ተጠቀሙ። በቅድመ ሙከራ በየጉድጓዱ ግማሽ፣ 1 እና 2 ሚሊዮን ሕዋስ ዝሩ። የኮሎኒው ብዛት ከተዘራው ሕዋስ ጋር እኩል የሚያድግበትን መጠን ምረጡ። ካላደገ ኮሎኒዎቹ እየተቀላቀሉ ነው፣ ወይም የሚያድጉት እርስ በርስ ሲደጋገፉ ብቻ ነው፤ ቆጠራው የመሥራቾችን ቁጥር አይነግራችሁም። ፈሳሹ አልፋ ኤምኢኤም፣ 20 በመቶ ሴረም፣ ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን ይሁን። ለ72 ሰዓት አትንኩት። ከዚያ ያልተጣበቀውን አጥባችሁ አስወግዱ፣ በየ3 ወይም 4 ቀኑ ፈሳሹን ቀይሩ። ከ10 እስከ 14 ባለው አንድ ቀን ላይ፣ ለሁሉም ያው ቀን፣ በሜታኖል ባለበት አጽንታችሁ በክሪስታል ቫዮሌት ቀቡ። 50 ሕዋስና ከዚያ በላይ ያለው ክምችት ኮሎኒ ይባላል። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይቁጠሩ።

የተረፈውን የአንድ አይጥ ሕዋስ በአንድ 75 ሴንቲ ሜትር ካሬ ፍላስክ አሳድጉ። የተለያዩ አይጦችን ሕዋስ «እንዲበዛልን» ብሎ ማቀላቀል ክልክል ነው። የተቀላቀለ ሕዋስ ከ6 አይጦች ቢመጣም በስሌት ጊዜ አንድ ብቻ ነው።

ያደገው በእርግጥ ግንደ ሕዋስ ነው?

የአይጥ መቅኔ፣ በተለይ የብላክ 6፣ ከሰው መቅኔ የከፋ ችግር አለበት፦ ማክሮፋጆችም (ባዕድ ነገር የሚውጡ የመከላከያ ሕዋሳት) ፕላስቲክ ላይ ይጣበቃሉ፣ ለሳምንታትም ይቆያሉ። ያልጠረጠረ ተመራማሪ ሳያውቀው የማክሮፋጅ ልዩነት ይለካል። ሕዋሱን ወደ አዲስ ዕቃ ስታሸጋግሩ በ0.25 በመቶ ትሪፕሲን (ሕዋስን ከፕላስቲክ የሚያስለቅቅ ኤንዛይም) ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ብቻ አቆዩትና የተነሣውን ውሰዱ። ማክሮፋጆች አጥብቀው ስለሚይዙ አብዛኞቹ እዚያው ይቀራሉ። ደቂቃው ለሁለቱም ወገን እኩል ይሁን፤ የማጣበቅ ጂን እያጠናችሁ ከሆነ ግን ይህ እርምጃ ራሱ አንዱን ወገን መርጦ ሊያስቀር ስለሚችል የቀረውንም ቁጠሩ።

በሦስተኛው ሽግግር ላይ በፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሕዋስን አንድ በአንድ በሚመረምር ማሽን) የሕዋስ ገጽ መለያ ከሆኑት ፕሮቲኖች ሲዲ29፣ ሲዲ44 እና ስካ-1 መኖራቸውን፣ ሲዲ45 እና ሲዲ11ቢ አለመኖራቸውን አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ዝነኛ የሜሰንካይማል ሕዋስ መስፈርት የተጻፈው ለሰው ሕዋስ ነው፤ ለአይጥ በቀጥታ አይሠራም። ማሽኑ ጅማ ላይ ካልተገኘ ሕዋሱን በፓራፎርማልዴሃይድ ባለበት አጽንታችሁ በፍሎረሰንት ፀረ እንግዳ አካል ስላይድ ላይ መቁጠር ይቻላል። አድካሚ ነው፣ ግን ይሠራል።

አጥንትና ስብ

የሁለቱን ወገኖች ሕዋስ በእኩል ብዛት ዝሩ፣ ጉድጓዱን ሲሞሉ አስጀምሩ። ያልተነካው ሞልቶ የተሰናከለበት ገና ሳይሞላ በአንድ ቀን መጀመር ትልቅ ወጥመድ ነው፤ ሕዋስ ሲጠጋጋ ወደ ስብ መለወጡ ይፋጠናል። በቀን ሳይሆን በሙላት አስጀምሩ፣ ቀኑን መዝግቡ።

ለአጥንት 50 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር አስኮርቢክ አሲድ፣ 10 ሚሊ ሞላር ቤታ ግሊሰሮፎስፌትና ጥቂት ዴክሳሜታዞን ጨምራችሁ 21 ቀን ጠብቁ፤ በአሊዛሪን ቀይ ቀቡ፣ ቀለሙን በ10 በመቶ ሴቲልፒሪዲኒየም ክሎራይድ አውጥታችሁ በ562 ናኖ ሜትር አንብቡ። ለስብ ዴክሳሜታዞን፣ 0.5 ሚሊ ሞላር አይቢኤምኤክስ፣ ኢንሱሊንና ኢንዶሜታሲን ይገባል፤ በኦይል ሬድ ኦ ይቀባል፣ በአይሶፕሮፓኖል ይወጣል። ሁለቱንም ንባቦች በዚያው ጉድጓድ ባለው የዲኤንኤ መጠን አካፍሉ። ማነቃቂያ ያልተጨመረበት ጉድጓድ ለእያንዳንዱ አይጥ መኖሩን አትርሱ።

የእድገት ፍጥነቱ በየሽግግሩ የተሰበሰበውን ሕዋስ ለተዘራው አካፍሎ የዚያን ሎጋሪዝም በመሠረት 2 በመውሰድ ይገኛል፤ ይህ ሕዋሱ ስንት ጊዜ እጥፍ እንደሆነ ይነግራል። የአይጥ ሕዋስ ረጅም ጊዜ ሲያድግ ራሱን ወደ ማይሞት ሕዋስ ይለውጣል። ስለዚህ ቀድማችሁ ጥቂት ቱቦ በ90 በመቶ ሴረምና በ10 በመቶ ዲኤምኤስኦ አቀዝቅዙ፤ በደቂቃ 1 ዲግሪ እየቀነሰ ይውረድ።

ስሌቱ

ናሙናው አይጡ ነው። ከአንድ አይጥ 12 ጉድጓድ ቢዘራም ቁጥሩ አንድ ነው፤ የጉድጓዶቹን አማካይ ወስዳችሁ ለአይጡ አንድ ዋጋ ስጡት። ይህን ያልተከተለ ጥናት ከሦስት አይጥ 36 ናሙና አለኝ ይላል፣ ትንሹ ግርግርም ግኝት መስሎ ይታየዋል። በጣም የማዝነው በዚህ ነው፤ የአይጦቹም ሕይወት፣ የተማሪውም ዓመታት ይባክናሉ።

በእያንዳንዱ ቡድን ስንት አይጥ? የምትጠብቁት ልዩነት ከአይጥ አይጥ ካለው መዋዠቅ፣ ማለትም ከአንድ መደበኛ ልይይት፣ ጋር እኩል ከሆነ፣ ልዩነቱን በ80 በመቶ ዕድል ለማግኘት በየቡድኑ 17 ያስፈልጋሉ። የመዋዠቁን እጥፍ ከሆነ 6 ይበቃሉ። መዋዠቁን ከቅድመ ሙከራችሁ ውሰዱ። ወንድማማቾቹን በጥንድ ስለምታወዳድሩ ጥንድን የሚያከብር ፈተና ተጠቀሙ። የኮዱ ዝርዝር የሚከፈተው ሁሉም ቁጥር ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቶ፣ ማንኛው ናሙና ለምን እንደወጣ ተጽፎ ከተፈረመ በኋላ ነው።

ጂኑን መመለስ

ልዩነት ከተገኘ አንድ ሥራ ይቀራል። በተሰናከለበት አይጥ ሕዋስ ውስጥ ጤነኛውን ጂን በሌንቲቫይረስ (ጂን ተሸክሞ ወደ ሕዋስ በሚያስገባ ቫይረስ) መልሳችሁ አስገቡ፤ ለሌሎቹ ሕዋሳት ባዶ ቫይረስ ስጡ፣ ያልተነካውንም ጨምሮ። ጂኑ ሲመለስ ሕዋሱ ወደ ወንድሙ ባሕርይ ከተመለሰ ከጎኑ ያለው የ129 ዘረመል ተጠያቂ አለመሆኑ ይታያል። ካልተመለሰ ወይ ተጠያቂው ያ ጎረቤት ነው፣ ወይ ጂኑ ሥራውን የጨረሰው አይጡ በጽንስነት ሳለ ነው፤ ወይም ያስገባችሁት ጂን መጠኑ ከተፈጥሮው በጣም በዝቷል። ሦስተኛውን በቀላሉ በዌስተርን ብሎት ትለያላችሁ፤ ስለዚህ ከእሱ ጀምሩ።

ስትጽፉ የንዑስ ዝርያውን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቁጥሩን፣ የእያንዳንዱን አይጥ ዕድሜና ጾታ፣ ጥንዶቹ ከየትኛው ወሊድ እንደሆኑ፣ የሴረሙን የምርት ቁጥር፣ የጋዙን መቶኛና የጅማን ከፍታ አስፍሩ። የመብራት መቋረጥ ከነቀኑና ከነቆይታው በሠንጠረዥ ይግባ። ሬሳዎቹ፣ አልጋውና ሌንቲቫይረስ የነካው ሁሉ ኦቶክሌቭ ተደርጎ ይቃጠል፤ ስንት አይጥ ገባ፣ ስንት ተቃጠለ የሚለው መዝገብ በየሳምንቱ ከሳጥኖቹ ቆጠራ ጋር ይመሳከር።